ከሆድ የተቆረጠ ቀበቶ

ወረኢሉ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑርጃን አሕመድኑር
መካነ ሰላም

አሰላሙ ዐለይኪ። ሰላምታው ሱና ስለሆነ ነው ያስጻፍኩት፤ እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጠይቅሽ ንዴቱ አላስቻለኝም። በስልክ ያልነገርኩሽ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረ ብቻ አይደለም። ሱቄ ደጃፍ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ጆሮ ነው። ዓይኔ እንደምታውቂው ደክሟል፤ እኔ እናገራለሁ፣ እህትሽ ሀጀራ ትጽፋለች። የራሷን ጉዳይ በራሷ እጅ ማስጻፌ አንጀቴን ያሳርረዋል፤ ግን ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።

ነገሩ ይኸው ነው። ሾፌሩ ዋለ ትናንት በአይሱዙው ስኳር አምጥቶ ሲያራግፍልኝ ወገቡን አየሁት፤ አዲስ ቀበቶ ታጥቋል። ከየት አገኘኸው ብዬ ብጠይቀው፣ ሰው በሞላበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ከልጅዎ ነዋ! መካነ ሰላም ገበያ ላይ ዘርግታ ትሸጣለች። ቀበቶ ብትል፣ የስልክ ኪስ ብትል፣ ምን የሌላት አለ" አለኝ።

ኑርጃን፣ ከአጅባር ለምን እንደወጣሁ ታውቂያለሽ። እዚያ ስም አልነበረኝም። ፋቂው ነበር ስሜ። አባቴም ፋቂው፣ አያቴም ፋቂው። ያለፋነውን ቆዳ ይወስዳሉ፣ ያለፋበትን እጅ አይጨብጡም። ልጅ ባመማቸው ቁጥር ቡዳ በላው ብለው ወደኛ ቤት ያያሉ። እናትሽን የቀበርኩት ቀባሪ ለምኜ ነው። ያን ሁሉ ጥዬ እዚህ መጣሁና ጨውና ስኳር ቸርቻሪ ሆንኩ። ወረኢሉ ውስጥ ባለሱቁ አሕመድኑር ነኝ፤ ሌላ ስም የለኝም። አሁን ደግሞ እህትሽን የሼህ ሳዲቅ ልጅ ኸባብ ጠይቋታል። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ቁርአን ሲያቀሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ኒካው ከዒድ በኋላ ነው። አንድ ወሬኛ ካንቺ ቀበቶ ተነስቶ እኔ ዘንድ ከደረሰ ሁሉም ነገር አበቃ። ወይስ "ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" እያሉ እንዲተርቱብኝ ነው የምትፈልጊው? እስከ ኒካው ድረስ እጅሽን ሰብስቢ። ከዚያ ወዲያ እንዳሻሽ።

ደሞስ ቀበቶን ከሆድ ቁረጪ ያለሽ ማነው? የዋለን ቀበቶ አስፈትቼ ዳሰስኩት። የሆድ ቆዳ ስስ ነው፣ ይለጠጣል። ይህ ሰው ክረምቱ ሳይገባ ሱሪውን በእጁ ይዞ ነው የሚሄደው። ቀበቶ ከጀርባ ነው የሚቆረጠው፣ አከርካሪውን ተከትሎ፣ ከአንገት ወደ ጭራ ቀጥ ብሎ። ሳትቆርጪ በፊት በሁለት እጅሽ ጎትቺው፤ እሺ ብሎ የሚመጣልሽን ለኪስ አድርጊው፣ እምቢ የሚልሽን ለቀበቶ። ርዝመቱንም የሰውየውን ሱሪ ቁጥር ጠይቀሽ እንዳትቆርጪ። የቆየ ቀበቶውን አስፈትተሽ ከዘለበቱ አንስተሽ እሱ እስከሚታጠቅባት ቀዳዳ ለኪ። ጠርዙንስ አይጥ የበላው አስመስለሽ መተውሽ ምንድን ነው? እርጥብ ጨርቅ አስነክተሽ፣ በአጥንት እሽት እሽት አድርገሽ፣ በሰም ብትዘጊው ምን ነበረበት። በመስራትሽ አሳፈርሽኝ፤ በሥራሽ ደግሞ የባሰ አሳፈርሽኝ።

አባትሽ አሕመድኑር


መካነ ሰላም፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ባይጠይቁኝም። ሀጀራ፣ ይህን ደብዳቤ ስታነቢላቸው ይቆጣሉ ብለሽ አንዲት መስመር እንዳትዘይ። ቁጣው ለኔ ነው፤ ከኔ ይቁም።

እጅሽን ሰብስቢ አሉኝ። ይህ እጅ ኩዌት የሰው ሽንት ቤት ሲያጥብ ሰብስቢው ያለኝ አልነበረም። ያኔ ወረኢሉ ውስጥ ስሜ ይጠራ ነበር፤ "ልጄ አረብ አገር ናት" ይሉ ነበር በኩራት። ሰው ፊት ተቀምጬ በንጹሕ ቆዳ ቀበቶ ስሰፋ ነው ያሳፈርኩዎት?

የት ተማርሽው ብለው እንደሚገረሙ አውቃለሁ፤ እርስዎማ አላስተማሩኝም፣ ወስፌ በነካሁ ቁጥር እጄን ይመቱኝ ነበር። የማዳሜ ልጅ ነው ያስተማረኝ። እሱ በቪዲዮ እያየ ለመዝናኛ ይሰፋል። እዚያ አገር የሀብታም ልጅ ቆዳ ሲሰፋ ጓደኞቹ ከበው ያደንቁታል፤ ቡዳ ነው ብሎ ፊቱን የሚያዞር የለም። ሰልችቶት ሲተወው መሣሪያውን ለኔ ሰጠኝ። መርፌውን ስይዘው ያለቀስኩት ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ንዴት ሳይሆን አይቀርም።

የሀጀራን ትዳር ላበላሽ አልነሳሁም። ግን ሼህ ሳዲቅ ቆዳ ማልፋት ሐራም ነው የሚል ቃል የት ነው ያገኙት? ሰው በእጁ ሠርቶ ከሚበላው የበለጠ ሐላል የለም ብለው ደረሶቻቸውን የሚያስተምሩት እሳቸው አይደሉም? ዲኑ የማያውቀውን ነውር እኛው ተሸክመንላቸው አገር ለአገር እንዞራለን። እኔ አልዞርም። እዚሁ መካነ ሰላም እቀመጣለሁ፣ እዚሁ እሰፋለሁ።

የሆዱን ነገር ግን እውነትዎን ነው። የሸጥኩላቸው እየተመለሱ ይጮኹብኛል። ከዛሬ ጀምሮ ከጀርባ ነው የምቆርጠው። ሌላ የምጠይቅዎት ነበረኝ፤ ተናድጃለሁና አልጽፈውም፣ ለዋለ በቃል ነግሬዋለሁ።

ልጅዎ ኑርጃን


ወረኢሉ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኑርጃን

አሰላሙ ዐለይኪ። በዋለ አፍ የላክሽውን ጥያቄ ሰማሁ። ስሰማ እጄን በራሴ ላይ ጫንኩ። ቆዳ በፈላ ውሃ ነከርሽ? ሥጋ መሰለሽ እንዴ? የፈላ ውሃ ቆዳን ይቀቅለዋል፤ ተኮማትሮ የደረቀ ቂጣ ቢሆንብሽ ምን ይገርማል። የማዳምሽ ልጅ ይህን አላስተማረሽም?

አሁን ስሚ። የሽጉጥ አፎት ያዘዘሽ ሰውዬ ፈቃድ ያለው ነው ብለሻል፤ ሽጉጡን ግን ጥሎልሽ አይሄድም፣ ልክም ነው፣ አንቺም ቤትሽ እንዳታሳድሪው። ልኩን በካርቶን ላይ ቅጂና ለአናጢ ስጪ፤ በእንጨት አስመስሎ ይቅረጽልሽ። ቆዳሽ ወፍራም ይሁን፣ ለስላሳ ቆዳ ቅርጽ አይዝም። ለብ ባለ ውሃ ንከሪው፤ አረፋ ማውጣቱን ሲተው በቅቶታል። ከዚያ እንጨቱን አልብሰሽ በጣትሽና በአጥንት ጫን ጫን እያደረግሽ ቅርጹን አሲዢው። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ቸኩለሽ ፀሐይ ላይ ብታሰጪው ወይ ምድጃ ብታስጠጊው ይሰነጠቃል፣ እኔም አላዝንልሽም። ስትሰፊ አንድ ክር ሁለት መርፌ፤ አንዱ ከወዲህ ሲገባ አንዱ ከወዲያ፣ በአንድ ቀዳዳ። እንዲህ የተሰፋ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላው አይፈታም። ክሩን በሰም ሳታሺ እንዳትጀምሪ።

የሼህ ሳዲቅ ሰዎች መጥተው ነበር። ወሬው ደርሷቸዋል። የተባባልነውን ማወቅ አያስፈልግሽም፤ መልሼ ልኬአቸዋለሁ፣ አመስግነው ሄደዋል። ሀጀራ እዚህ ላይ ስትደርስ ብዕሩን አስቀምጣ ነበር፤ ተቆጥቼ ነው ያስያዝኳት። ሁለታችሁም ልባችሁ አብጧል። ለመጨረሻ ጊዜ እነግርሻለሁ፣ ከገበያው ተነሺ።

አባትሽ አሕመድኑር


(በዚያው ፖስታ ውስጥ፣ በብጫቂ ወረቀት)

እቴ ኑርጃን፣ ይህን አባባ አያውቁም። ብዕሩን ለምን እንዳስቀመጥኩ ልንገርሽ። ሰዎቹ "መካነ ሰላም ቆዳ የምትሰፋው ኑርጃን አሕመድኑር ልጅዎ ናት ይባላል፣ እውነት ነው?" ብለው ጠየቋቸው። አባባ ሳቁ። "ስም ይገጥማል። የኔዋ ኑርጃን ከአረብ አገር አልተመለሰችም" አሉ። በሩ ሥር ቆሜ በጆሮዬ ሰማሁ። ሰዎቹም ዱዓ አደረጉልሽ፣ አላህ በሰላም ያግባት ብለው። ኸባብን እወደዋለሁ። ማንም ስላልጠየቀኝ ነው የምነግርሽ። ግን እንዲህ ሆኖ መዳር ያቅለሸልሻል። ሀጀራ።


መካነ ሰላም፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ አሕመድኑር

ከአረብ አገር ላልተመለሰችው ልጅዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ማን ነገረሽ አይበሉኝ፤ ወረኢሉ ሁሉ ጆሮ ነው ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። አባባ፣ ኩዌት ሳለሁ ስንት የሀገሬ ልጅ በሳጥን ሲመለስ አይቻለሁ። በእግሬ ተመልሼ እጅዎን የሳምኩትን እኔን በሰው ፊት አልመጣችም አሉ። ወላሂ ሞታለች ቢሉ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ሰው ያለቅስልኝ ነበር።

ፋቂ ብለው የሰደቡዎትን ሰዎች ጠልተው ነው ከአጅባር የወጡት። አሁን ግን የእነሱን ሥራ የሚሠሩት እርስዎ ሆኑ። እነሱ እጃችንን አንጨብጥም አሉ፤ ልጄ አይደለችም ግን አላሉንም።

እንግዲህ እኔም ከዛሬ ጀምሮ በምሠራው ቀበቶ ሁሉ ውስጡ ላይ ስሜን እስከ አያቴ እበሳለሁ፤ ኑርጃን አሕመድኑር ሙእሚን። የታጠቀው ሁሉ ይዞት ይዙር፣ ወረኢሉም ይድረስ፣ ሼህ ሳዲቅ ደጅም ይድረስ። ሀጀራ፣ ይህ አንቺን እንደሚጎዳ አውቃለሁ። አፉ በይኝ አልልሽም፣ ምክንያቱም አሁን ንዴቴ ካንቺም ይበልጥብኛል። ነገ ሲበርድልኝ ላፍር እችላለሁ።

አፎቱ ተሳክቷል። ለማስደሰት አይደለም የምነግርዎት፤ የጠየቅኩትን መልሰውልኛልና ውለታ እንዳይሆንብኝ ነው።

ኑርጃን


ወረኢሉ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኑርጃን

ረመዷን ነው፣ ጾመኛ ነኝ፣ አፌን በቁጣ ማበላሸት አልፈልግም። ግን አላስቻልሽኝም።

ስምሽን የበሳሽበትን ቀበቶ አንዱ ገበሬ ታጥቆት መጣ። እዚሁ ሱቄ ውስጥ ፈታና "ስምዎ አለበት" ብሎ ለሰው ሁሉ አሳየ። ሐሳብሽ ሞላልሽ። የሼህ ሳዲቅ ሰዎች እንደገና ላኩብኝ። አሁን ጨዋታው ሌላ ነው፤ ቁርአን ይዘን እንመጣለን፣ እጅህን ጭነህ ከዘሬ ቆዳ የፋቀ የለም ብለህ ማል፣ ከማልክ ኒካው ይታሰራል፣ ካልማልክ ልጅህን ይዘህ ቁጭ በል ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ከዒዱ በኋላ ይሁን አልኳቸው፣ በረመዷን ቀንማ እንዲህ ያለ ነገር አላደርግም። ከዒዱ በኋላ ግን እምላለሁ። ገሃነም የምገባው እኔ ነኝ፣ ሀጀራ ቤቷ ትገባለች። ከአባት የሚጠበቀው ይኸው ነው።

ፊደሉንም ጠርዝ ላይ አስጠግተሽ ነው የበሳሽው፤ ቆዳው ሲታጠፍ በዚያው መስመር ይቀደዳል። ከጠርዙ ጣት ያህል ግቢ። ስሜን ማዋረድሽ ካልቀረ፣ ቢያንስ የማይቀደድ አድርገሽ አዋርጂኝ።

አሕመድኑር


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ

ደብዳቤዎን አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ቀበቶዎቹን ከገበያ አንስቻለሁ። ለሼህ ሳዲቅ ብዬ አይደለም፣ ለሀጀራም ብዬ አይደለም፣ ሀጀራ ትስማኝ። እጅዎን ቁርአን ላይ ጭነው በሐሰት እንዳይምሉ ብዬ ነው። ከፈለጉ ተመልሼ አረብ አገር እሄዳለሁ፤ ያኔ ያሉት እውነት ይሆናል፣ መሐላም አያስፈልግም። ዘርዎን ግን በአላህ ቃል ላይ አይካዱ። በእርስዎ ተናድጃለሁ፣ ንዴቴም አልወጣልኝም፤ ግን ለእርስዎ ገሃነም አልመኝም። ዋለ እንደተነሳ ይህን እንዲያደርስ ለምኜዋለሁ።

ኑርጃን


ወረኢሉ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴ ኑርጃን

አሰላሙ ዐለይኪ። ይህን የምጽፈው ማንም ሳያዘኝ ነው። እስከ ዛሬ የሁለታችሁን ስድብ ከአንዱ ለአንዱ ሳነብና ስጽፍ ከረምኩ። አሁን ተራው የኔ ነው።

የመጨረሻ ደብዳቤሽ የደረሰን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ የዋለ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሰንብቷል። ስለዚህ አባባ ሥራሽን መተውሽን ሳያውቁ ነው ወደ መሐላው የቀረቡት።

ሼህ ሳዲቅ ከወንድማቸውና ከኸባብ ጋር መጡ፤ ሁለት ሽማግሌም አስከትለዋል። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ። ቁርአኑን ሼህ ሳዲቅ ራሳቸው በማህደሩ አንግተው ነው ያመጡት። የቆየ የቆዳ ማህደር ነው፣ ከአያታቸው የወረሱት ነው አሉ። አባባ ዉዱእ አድርገው፣ ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። ማህደሩን ከፊታቸው አስቀመጡላቸው። አባባ ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ጫኑ። ሽማግሌው "እንግዲህ በል" አሏቸው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ይማሉ ብዬ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲምሉ ፈልጌም ነበር።

ዓይኔን ገልጬ በመጋረጃው ክፍተት ሳይ የአባባ ጣት በማህደሩ ክዳን ጠርዝ ላይ ይሄዳል። ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከዚያ ፊታቸው ተለዋወጠና "ይህን በናይለን የሰፋው ማነው?" አሉ።

ሼህ ሳዲቅ አልገባቸውም። "ክዳኑ ተፈትቶ ነበር፣ ደረሶች ሰፉት" አሏቸው።

"ናይለን ለስላሳ ቆዳ ውስጥ ምላጭ ነው፤ ይኸው ቆርጦታል፣ ዳስሱት። በጅማት የተሰፋውን ፈትታችሁ ናይለን ታስገባላችሁ? ደግሞ ምድጃ አጠገብ ነው የምትሰቅሉት፣ ጭስ ጭስ ይላል። ቅባት አይቶ አያውቅም፣ ደርቆ እየተፈረፈረ ነው። አባቴ ይህን ሲሰፋ እኔ ክር እየያዝኩለት ነበር፣ ለአላህ ቃል ነው ብሎ አንዲት ስፌት ሳያጣምም፤ እናንተ እንዲህ አድርጋችሁ ትጫወቱበታላችሁ?"

እንዲህ እያሉ ተቆጧቸው፣ እንደ ደረሳ። ካበቁ በኋላ ነው ምን እንዳሉ የሰሙት። አባባም ቃላቸውን አልመለሱም። እጃቸውን ከማህደሩ አነሱና "አልምልም" አሉ። "ፋቂ ነኝ። አባቴም ፋቂ ነበር። መካነ ሰላም ያለችውም ልጄ ናት።"

ሼህ ሳዲቅ ቁርአኑን ከማህደሩ አወጡና በጥምጥማቸው ጠቀለሉት። ማህደሩን ምንጣፉ ላይ ተዉት። ወንድማቸው ሊያነሳው ሲል "ተወው፣ ለባለቤቱ ተወው" አሉት። ሄዱ። ኸባብ መጨረሻ ነው የወጣው፤ ወደ መጋረጃው አይቶ አባቱን ተከተለ። በሱም ተናድጃለሁ።

እንግዲህ ኒካው ቀረ። አንቺ ስምሽን ቆዳ ላይ በሳሽ፣ አባባ ስምሽን ካዱ፣ በመጨረሻም በንዴት ሁሉን አፈረጡት። ከሁለታችሁ አንዳችሁ "ሀጀራ፣ አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?" ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም። አንቺ "ለሀጀራም ብዬ አይደለም" ብለሽ ጻፍሽ፤ ለምን አይሆንም? ለኔ ተብሎ አንድ ነገር ቢደረግ ምን ነበረበት? በደብዳቤ ማስታረቅ አልፈልግም፤ ራስሽ መጥተሽ ፊት ለፊት አናግሪኝ። ቀበቶሽንም ይዘሽ ነይ፤ አሁን የምንደብቀው ነገር የለም።

ስኳር የሚገዙት ብዙዎቹ ወደ ማዶው ሱቅ ዞረዋል። አባባ ከሱቁ በራፍ፣ ሰው እያያቸው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ማህደሩን እየፈቱ ይሰፋሉ። የሚያልፈውን ሁሉ ይሳደባሉ። አንዱ ገበሬ ሳያፍር የበቅሎ ልጓም አምጥቶ እንዲጠግኑለት ለመናቸው፤ እሱንም ምነው እስኪበጠስ ጠበቅክ ብለው ተቆጡት፣ ግን ተቀበሉት። ለኑርጃን ምን ልጻፍላት ብላቸው "ደህና የጅማት ክር ካገኘች ትላክ" አሉኝ። ይቅርታ ጠብቀሽ ከሆነ ትጠብቂያለሽ።

ኸባብ ባለፈው ሳምንት ብቻውን መጣ። ማህደሩን ልወስድ ነው አለ። አባባ ቀና ሳይሉ "አላለቀም፣ ጁምዓ ና" አሉት። ጁምዓ መጣ። እኔ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ፤ ውሃ ሰጠሁት፣ ቁጭ ብሎ ጠጣ፣ ስለ አባቱ ቁጣ ነገረኝ፣ ስለኔ ቁጣም ሰማ። ሲነሳ አባባን ጠየቃቸው። "ገና ነው፣ ሰኞ ና" አሉት። ትናንትም መጥቶ ነበር፣ ነገም ይመጣል።

ማህደሩ ካለቀ ሰንብቷል። ሰሙን የቀባሁት እኔ ነኝ።

እህትሽ ሀጀራ